ረጅሙ እራት

ውቢት የወንድሟን ሞት የሰማችው ፊቷን በሳሙና እየታጠበች ነው። አጎቷ መለሰ በማለዳ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ከፈተችለትና «ተቀመጥ ጋሼ፣ ታጥቤ ልምጣ» ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ተመለሰች። መለሰ የውኃውን ድምፅ ተማምኖ ስልኩን አወጣ። የኮንዶሚኒየሙ ውኃ ግን የሰው ጉዳይ አያውቅም፤ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አቃስቶ ደረቀ። በዚያ ድንገተኛ ጸጥታ የአጎቷ ድምፅ ስሱን ግድግዳ አልፎ መጣ። «ሬሳው ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ይደርስልሃል?» ይላል። «እሺ ጌትነት፣ አንተ ከዚያ አብረኸው ና። ትርንጎን ለዓይንሽ ሐኪም ብዬ ከኮሶዬ አስጠርቻታለሁ። ማታ በደንብ አብልተን፣ አስተኝተን፣ ሊነጋጋ ሲል ይዘናት እንወጣለን። የልጇ ሞት በባዶ ሆዷማ አይነገራትም።» ከወዲያ የሚባለውን አዳመጠ። «ውቢት? ውቢትማ የተማረች ናት። ታግዘናለች እንጂ ምን ትሆናለች።»

ጌትነት ባሏ ነው። ትናንት ማታ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ አለብኝ ብሎ፣ ዓይኗን ሳያይ ግንባሯን ስሞ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ባሏ። ትርንጎ ከጎንደር ወጣ ብሎ ገጠር፣ ኮሶዬ የምትኖር እናቷ ናት። እናቷ የወለደቻቸው ሁለት ናቸው፤ አንዷ እዚህ ፊቷ ላይ ሳሙና ይዛ ቆማለች። ስለዚህ የሌላውን ስም መጥራት አላስፈለገም። ምንይችል አዲስ አበባ ፎቅ ቀለም ይቀባ ነበር። ባለፈው እሑድ ደውሎ «ስትወልጂ ክፍሉን እኔ ነኝ የምቀባው፣ ሌላ ሰው እንዳታስነኪ» ብሏት ነበር። ሆዷ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። በግራ እጇ ማጠቢያውን ጨብጣ፣ በቀኝ እጇ ሆዷን ይዛ ቆየች። ሳሙናው ፊቷ ላይ ደርቆ ቆዳዋን ሲጎትታት ያን ጊዜ ወጣች።

መለሰ አያት። ስልኩን ኪሱ ውስጥ አስገባ። «ሰማሽ?» አላት። «ሰማሁ» አለችው። ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ከሚቀባው ሕንፃ መወጣጫ እንጨት ላይ መውደቁን፣ ሆስፒታል ሳይደርስ ማለፉን፣ ነገ ኮሶዬ እንደሚቀበር ነገራት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስብሰባ የሚመራበትን ድምፅ ነው የተጠቀመው፤ ሌላ ድምፅ አልነበረውም ይሆናል። አፏን ስትከፍት ግን ተነሥቶ ትከሻዋን ያዘና «እባክሽ ውቢቴ፣ ጎረቤት ይሰማል። ወሬው ከኛ ቀድሞ እናትሽ ጋ ይደርሳል። ለዛሬ ብቻ ዋጥ አድርጊው» አላት። ዋጠችው።

በአገራቸው መርዶ ወግ አለው። መርዶ የሚነገረው ሰው ከዋዜማው ጠግቦ ይበላል፤ ለምን እንደሚበላ ግን አያውቅም። ጎህ ሳይቀድ ዘመድና ጎረቤት ደጁ ላይ ይሰበሰባል። ከሁሉም አንደበቱ የረጋ ሽማግሌ ይናገራል፤ በግራና በቀኝ ክንዱን የሚይዙ ሰዎች አስቀድመው ተመርጠው ይቆማሉ። ውቢት ራሷ ለሌላ ሰው ክንድ ለመያዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመርጣ ታውቃለች። ለሷ ግን የደረሳት የደረቀ ቧንቧ ነው፣ የደረቀ ሳሙና ነው፣ ቁርስ ያልቀመሰ ሆድ ነው። መለሰ ክፉ ሰው አይደለም። ሌት ተቀን ለቤተሰቡ የሚሮጥ ሰው ነው። የተማረ ሰው ክንዱን የሚይዝለት እንደማያስፈልገው ከልቡ ያምናል፤ ያ ብቻ ነው።

የቀረው ጉዳይ ትርንጎን እስከ ማታ የት ያቆዩአት የሚለው ነበር። መለሰ ቤት አይሆንም፤ ሚስቱ መንበረ ከሰማች ጀምሮ ዓይኗ አብጦ አይገለጥም። ውቢት ቤትም አይሆንም፤ የምንይችል ጓደኞች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣታቸው አይቀርም። ሁለቱም ቤት ስልኩ ይጮኻል። መለሰ አሰበና አዘዞ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተውን ባለ ሰባት ፎቅ ሆቴል አነሣ። እላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ምግብ ቤት እራት የሚያቀርበው እንደ ፈረንጅ በየተራ ነው፤ አንዱ ሳህን ሲነሣ ሌላው ይመጣል፤ ስድስት ዓይነት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው ለልጁ ምርቃት ወስዷቸው ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደተቀመጡ ያማርር ነበር። መለሰ ያን ማማረር አስታውሶ ነው የመረጠው። ለአንድ ሰው የሚያስከፍሉት መንበረ የሳምንት አስቤዛ የምትገዛበት ነው፤ ግን በጎንደር ከተማ ከዚያ የሚረዝም እራት የለም። ክፍልም እዚያው ያዘ፤ ከእራት በኋላ በሊፍት አውርደው ያስተኟታል። የሥራ እድገት አግኝቻለሁ ብሎ ሊዋሻትም ተሰናዳ።

ትርንጎ ከረፋዱ ላይ ከሚኒባስ ወረደች። ያጠበችውን ቀሚስ ለብሳ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ የገብስ ዱቄት በፌስታል ይዛ ነበር። ዱቄቱ ለውቢት ነው፤ ለገንፎ። የልጇን ሁለት ጉንጭ ደጋግማ ሳመችና መዳፏን ሆዷ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። «ከስተሻል» አለች። «ምነው ልጄ፣ አትበይም እንዴ?» ውቢት ሙቀቱ ነው አለች። ከዚያ ወደ ዓይን ሐኪሙ ሄዱ፤ ለማስመሰል ነው የሄዱት። ሐኪሙ የመለሰ ወዳጅ ነበርና ነገሩን ያውቃል። ሆኖም የትርንጎን ቀኝ ዓይን በመብራቱ ሲመለከት ፊቱ ተለወጠ፤ እውነትም ሞራ እየጋረዳት ነበር። ጠብታ ጻፈላት። በየሁለት ሳምንቱ መመለስ አለብሽ ሲላት «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ለምንም ነገር ቀጠሮ መያዝ እንደምትችል ሰው። ከሰዓቱን መድኃኒት ቤት፣ ጫማ ቤት፣ አንድ ካፌ፣ እንደገና ሌላ ካፌ እያሉ ገፉት። ውቢት በየመንገዱ የምትፈራው አንድ ጥያቄ ነበር። እናቷ ከተማ በመጣች ቁጥር ገና ሳትቀመጥ «ምንይችል ደወለ?» ትላለች። ዛሬ አልጠየቀችም። ውቢት እግዚአብሔርን በልቧ አመሰገነች፤ ጥያቄው ይመጣል ብላ በጠበቀች ቁጥር ደግሞ ጀርባዋን ላብ ያጠምቃታል።

ሆቴሉ ሲደርሱ ገና አልመሸም። አዳራሹ በሦስት ጎን መስታወት ነው፤ ከታች የከተማው ቆርቆሮ፣ የዘገየ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ፣ ከሩቅ የአዘዞ መንገድ መብራቶች ይታያሉ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ እንደ ቄስ ጥምጥም ነጥቷል። በየሰው ፊት ሦስት ሹካ፣ ሦስት ቢላ፣ ሁለት ማንኪያ ተደርድሯል። ትርንጎ ወንበሩ ላይ በጫፉ ተቀምጣ አየችውና «ይኸ ሁሉ ብረት ለማን ነው? በሬ ልናርድ ነው እንዴ?» አለች። መለሰ ከመጠን በላይ ሳቀ። የሚያስተናግዳቸው ረጅም ቀጭን ወጣት ነበር፤ ደረቱ ላይ አንዳርጋቸው የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ሲል ትርንጎ ከአነጋገሩ ያዘችው። «አንተ የድብ ባሕር ልጅ አይደለህም?» አለችው። ነኝ አለ፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ። «የማን ልጅ?» «የአያ ወንዴ።» «አወቅሁት። ደጋፊ ሰው ነው፣ ሸጋ ሰው።» ከዚያ ወዲያ ልጁ ሳህን ሲያስቀምጥ ከሷ ነው የሚጀምረው።

መጀመሪያ የመጣው በትልቅ ሳህን መሐል አንዲት ጉርሻ የማትሞላ ነገር ናት፤ የተጠበሰ ዳቦ ላይ የተቀባ አይብ። ትርንጎ ሳህኑን ዞር ዞር አድርጋ አየችው። «ይኸ ቅምሻው ነው፤ ዋናው መቼ ይመጣል?» መለሰ በየተራ እንደሚመጣ አስረዳት፤ እድገቱንም አብሮ ነገራት። «እንኳን ደስ ያለህ ወንድም ዓለም» አለች። ዓይኖቿን እሱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ አሳረፈች። እሱ የውኃ ብርጭቆውን አነሣ። ቀጥሎ የዱባ ሾርባ መጣ። «ሾርባስ ለበሽተኛ ነው» አለች። «ማ ታመመ?» ማንኪያውን አንሥታ ቀመሰችና «ይጣፍጣል፣ ብዪ ውቢት» አለች። ውቢት አንድ ማንኪያ ወደ አፏ አስገባች። ሾርባው ለብ ያለ ጨው አልባ እንባ መሰላት። አጎቷ ከጠረጴዛው በታች ጫማዋን በጫማው ነካ አደረጋት፤ ፈገግ በይ ማለቱ ነው። ፈገግ አለች። እናቷ ሾርባዋን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣች፤ ሳህኑንም ሰው እንዲያየው እንደሚፈልግ ሁሉ ዘንበል አድርጋ አስቀመጠችው።

በሳህኖቹ መካከል ያለው ጊዜ ነበር ከባዱ። ሳህን ፊታቸው ሲኖር እጅም አፍም ሥራ አለው። ሳህኑ ተነሥቶ ሌላው እስኪመጣ ግን ሦስቱም ነጩን ጨርቅ ያያሉ። ከኋላቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቤተሰብ የልጁን ልደት ያከብራል፤ በየጥቂቱ ያጨበጭባሉ። መለሰ ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ያወራል። ሰላጣው መጥቶ ሄደ፤ ትርንጎ ቅጠሉን «በግ አደረጋችሁን» እያለች በላችው። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ክሬም ቀለም ተቀብቷል። «ይኸን የሚቀቡት ልጆች በምን ይወጡታል?» አለች። መለሰ የያዘው ሹካ ሳህኑ ላይ ወድቆ ጮኸ። «ማሽን አለ» አለ ቶሎ ብሎ። «አሁን ሁሉም ነገር በማሽን ነው።» «በማሽን ከሆነ ሸጋ ነው» አለች ትርንጎ፤ ጣሪያውን ማየት ግን አልተወችም። ውቢት በዚያች ደቂቃ እናቷ ሁሉን ጠይቃ የምትጨርስ መሰላት፤ ሳትጠይቅ ስትቀር ደግሞ ከመጠየቋ ይልቅ አስፈራት።

የጣና ዓሣ ሲመጣ የመለሰ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩን አይቶ «ይቅርታ፣ ከቢሮ ነው» ብሎ ወደ ሊፍቱ በኩል ሄደ። ጌትነት መሆኑን ውቢት አወቀች፤ መኪናው የት እንደ ደረሰ ሊነግረው ነው። የዓሣው ዓይን ከሳህኑ ቀና ብሎ ያያታል። «መጣሁ እማዬ» ብላ እንደ ምንም ተነሣችና ከአዳራሹ ጥግ ወዳለው መታጠቢያ ቤት ሄደች። የበላችው ሁሉ ወጣ። እዚህ ውኃው አልሄደም፤ እየሞቀ ይወርዳል። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት «ትንሽ ቀርቷል» አለቻት። ሥጋውና ጣፋጩ ብቻ። ከዚያ እናቷ ተኝታ ታድራለች፤ ቢያንስ አንዲት ሌሊት ሁለት ልጅ እንዳላት ሆና ታድራለች። ውቢት ለእናቷ ልትሰጣት የምትችለው ያችን ሌሊት ብቻ ነበር፤ ጠዋት ሁሉንም የዋጠችው ለዚያች ሌሊት ብላ ነው።

ስትመለስ በመንገዷ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ አለ። ከምሰሶው ወዲያ የእናቷ ድምፅ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰማችና ቆመች። አስተናጋጁ የዓሣውን ሳህን ሊያነሣ ጎንበስ ብሏል፤ ትርንጎ የእጅጌውን ጫፍ ይዛዋለች።

«ስማኝ የኔ ልጅ» ትላለች። «ለልጄ ሥጋውን በርከት አድርገህ አምጣላት። ነገ ጠዋት መርዶ አለባት። ወንድሟ ሞቶባት አልሰማችም። እንደምታያት ነፍሰ ጡር ናት። ዛሬ ካልበላች ነገ አትበላም፣ ከነገ ወዲያም አትበላም።»

«እግዜር ያጽናችሁ» አለ ልጁ። ድምፁ ወረደ። «ለርስዎስ ምንዎ ነው እማማ፣ የሞተው?»

«ልጄ ነው።»

አስተናጋጁ ሳህኑን መልሶ አስቀመጠው። «ታዲያ እርስዎ... እንዴት ይወርድልዎታል?»

«እኔማ ሰምቻለሁ። ትናንት አመሻሹ ላይ አያ ቢያዝን ደጅ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሲያዩኝ ጊዜ ዝም አሉ። ጎረቤቴን ዝናሽን ለብቻዋ ይዤ በማርያም ስለምናት ነገረችኝ። ሌሊቱን ነጠላዬን ነክሼ አደርሁ። ጠዋት ወንድሜ ለዓይንሽ ነይ ብሎ ሲያስጠራኝ ገባኝ፤ ለልጅቱ ሲነገራት እናቷ ከጎኗ እንድትሆን ነው። እንዳላወቅሁ ያስባል፤ ያስብ። እሷ ግን ፊቴን ካየች ታውቃለች። እኔ ካልበላሁም አትበላም። እሷን ላበላ ብዬ ነው የምበላ።» እጅጌውን ለቀቀችው። «ሂድ እንግዲህ። እንዳትነግርብኝ።»

ልጁ ሳህኖቹን ይዞ በሌላው በኩል ወጣ። ውቢት ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደግፋ ቆመች። ከዚያ ጠረጴዛ ጋ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ነው። ሄዳ «እኔም ሰምቻለሁ እማዬ» ማለት ነው። ሁለቱም እዚያው በሚያብለጨልጨው ወለል ላይ ይወድቃሉ፤ ልደት የሚያከብሩት ሰዎች ማጨብጨባቸውን ያቆማሉ፤ ይኸ ቀን ያልቃል። እግሯም ተነሥቶ ነበር። ግን በምሰሶው ጎን አጮልቃ ስታይ እናቷ ብቻዋን ተቀምጣ የራሷን ዳቦ በልጇ ወንበር ፊት ስታደርግ፣ የልጇን ማንኪያ ስታስተካክል፣ የተሸበሸበውን ጨርቅ በመዳፏ ስታቃና አየቻት። እጆቿ አንዲት ደቂቃ አያርፉም። ለዚያች ሴት በዚች ምሽት የቀራት ሥራ ይኸው ነው፤ ሰምታ ያደረችውን እንዳትሰማው የያዛት ይኸው ብቻ ነው። ይኸን ከእጇ ከነጠቋት በእሷና በሞተው ልጇ መካከል ምንም አይቀርም። ውቢት ምሰሶውን ለቀቀች፤ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፤ ሄዳ ተቀመጠች።

«ምነው ቆየሽ?»

«ተራ ነበረ እማዬ።»

መለሰም ተመለሰ። ለውቢት ብቻ በሚታይ ሁኔታ ራሱን ነቀነቀ፤ መኪናው ከባሕር ዳር ተነሥቷል ማለቱ ነው። የበግ ሥጋው መጣ። የውቢት ሳህን ከሁሉም በልጦ ተቆልሏል፤ አንዳርጋቸው ሲያስቀምጠው ፊቷን ላለማየት ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ጨርቅ ጣለ። መለሰ አይቶ «ለነፍሰ ጡር ያዳላሉ ማለት ነው» ብሎ ቀለደ። ትርንጎ ቢላና ሹካውን ወደ ጎን ገፋችው። ሥጋውን በጣቷ ከአጥንቱ ለየች፣ በዳቦው ጠቀለለችና ክንዷን በነጩ ጨርቅ ላይ አሻግራ ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች። ውቢት አፏን ከፈተች። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ጉንጯን ሞልቶ ዓይኗን እንባ አሳዘላት። «በትልቁ ነው የሚጎረስ» አለች ትርንጎ። «ሁለተኛም አለ።» ውቢት አላምጣ ዋጠች፤ ሁለተኛውንም ጎረሰች። ከዚያ እሷም ጠቅልላ ለእናቷ ዘረጋች። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። እንዲህ ሲጎራረሱ መለሰ ወንበሩን ደገፍ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹን ለቀቀ። ወደ ውቢት ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «ጎበዝ። በልታለች፣ ተሳክቶልናል» አላት።

ኬኩ መጣ፤ ተበላ። ከኋላቸው ያለው ቤተሰብ ሕፃኑን አቅፎ ሄደ። ውጭ ዝናቡ ጀመረ፤ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ የከተማው መብራት ይሟሟል። በአዳራሹ ወዲያኛው ግማሽ መብራቱን አጠፉ። አንዳርጋቸው ሳህኖቹን ሰብስቦ ቆሞ «የቀረ ነገር የለም፤ ይኸ የመጨረሻው ነው» አለ። መለሰ ሂሳቡን ለመጠየቅ እጁን ሲያነሣ ትርንጎ ክንዱን ያዘችው።

«ልጄ አልጠገበችም» አለች።

«ስድስት ሳህን በልታ?» አለ መለሰ እየሳቀ። ወደ ውቢት ዞረ። «ጠግበሻል አይደል?»

ውቢት ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ሲገላበጥ ተሰማት፤ ለራሱ ቦታ አጥቶ ነው። ጉሮሮዋ ድረስ ሞልታ ነበር። እናቷን አየቻት። ትርንጎ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከልጇ አፍ የሚወጣውን ትጠብቃለች።

«አልጠገብሁም» አለች ውቢት።

ወጥ ቤቱ እሳቱን አጥፍቶ ነበርና የተገኘው ዳቦ ብቻ ሆነ። አንዳርጋቸው በቅርጫት አምጥቶ መሐላቸው አስቀመጠና ግድግዳው ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ትርንጎ ዳቦውን ቆርሳ ለልጇ ሰጠች። ውቢት ቆርሳ ለእናቷ ሰጠች። ደረቅ ነው፤ አይወርድም። መለሰ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና አየ፤ እነሱ ግን ቀስ ብለው ያላምጣሉ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ አንዷ ሌላዋ እስክትጨርስ እየጠበቀች፣ ማንም ቀድሞ ለመነሣት ሳይደፍር።